የባለ ሥልጣን ሥዕልና የሕሙም ሕፃን ድርሻ

አገር የሚያስተዳድር ሰው በእጁ የሣለው ሥዕል ለሕሙማን ርዳታ በሐራጅ ሲሸጥ፥ ነገሩን የሚመረምር ሰው ሁለት ዋጋ ለይቶ ማየት ይገባዋል። አንደኛው ሥዕሉ ስለ ራሱ የሚያወጣው ነው፤ ሁለተኛው የሠዓሊው ስም የሚጨምርበት ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው፥ ወይ ደካማውን ሥዕል ስለ በጎው ሥራ ሲል ያወድሳል፥ ወይም በጎውን ሥራ ስለ ሥዕሉ ድካም ሲል ይንቃል። ሁለቱም ቅን ፍርድ አይደሉም።

ለምሳሌ በሩሲያ አገር የተደረገውን እናንሣ፤ ዓመታቱንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን። በጥር ወር 2009 በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ በተደረገው የበጎ አድራጎት ሐራጅ፥ በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቭላዲሚር ፑቲን አንድ ሥዕል ሰጥተው ነበር። በሐራጁ የቀረቡት ሥዕሎች እያንዳንዳቸው አንዱን የሩሲያ ፊደል የሚወክሉ፥ ደግሞም ኒኮላይ ጎጎል ስለ ገና ዋዜማ ከጻፈው ተረት ጋራ የሚስማሙ ነበሩ። የፑቲን ሥዕል ውርጭ ያጌጠበትን መስኮትና በጥልፍ የተዋበ መጋረጃን ያሳያል። የተሸጠውም በ37 ሚሊዮን ሩብል ሲሆን፥ ይኸውም በጊዜው ምንዛሪ ከአንድ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር።

አሳቡን ስንመረምረው የሚነቀፍ አይደለም። መስኮት በሞቀው ቤትና በብርዱ ሌሊት መካከል የቆመ ድንበር ስለ ሆነ፥ ለገና ዋዜማ ተረት የተገባ ምልክት ነው። ዳሩ ግን አሣሣሉ የጀማሪ እጅ መሆኑን አይሰውርም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ውርጩ ወይም መጋረጃው ሳይሆን፥ የሠዓሊው ስም መሆኑን ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም።

ስም ይህን ያህል ኃይል እንዳለው ከማንም ይልቅ የተረዱት እንግሊዛዊው ዊንስተን ቸርችል ይመስሉናል። እኒህ ሰው በ1921 ሥዕሎቻቸውን በፓሪስ ያሳዩት ቻርልስ ሞረን በሚል የብዕር ስም ነበር። በ1947 ደግሞ ዴቪድ ዊንተር ተብለው ሁለት ሥዕል ለንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ቢልኩ፥ ዳኞቹ የማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ተቀበሏቸው። ሥራቸው ያለ ስም እንዲፈረድበት ፈቀዱ፤ በ1949 ግን አንዱን ሥዕላቸውን በገዛ ስማቸው ለወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ርዳታ በሐራጅ እንዲሸጥ ሰጡ። ጥበብ በሚመዘንበት ስፍራ ስምን መደበቅ፥ ችግረኛ በሚረዳበት ስፍራ ስምን መግለጥ መልካም ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ የባለ ሥልጣን ስም የሚያወጣው ዋጋ የማን ነው ብለን ብንጠይቅ፥ የእርሱ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም። ስሙን ያከበረው ሹመቱ ነው፤ ሹመቱም የሕዝብ አደራ ነው። ስለዚህ በስሙ የተሰበሰበው ገንዘብ ከሕሙማኑ ዘንድ መድረሱን የማሳየት ዕዳ አለበት።

ይህ ዕዳ ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል በዚያችው ከተማ ታይቷል። በታኅሣሥ ወር 2010 ነቀርሳና ሌላ ከባድ ደዌ ስላገኛቸው ሕፃናት የሙዚቃ ምሽት ተደርጎ፥ ፑቲን ራሳቸው በመድረክ ላይ ዘመሩ። በመጋቢት ወር 2011 ግን የአንዲት ሕመምተኛ ልጅ እናት ለሆስፒታሎቹ ገንዘብ አልደረሰም ብላ በአደባባይ አቤት አለች። አዘጋጆቹም ምሽቱ የተደረገው የሰውን አሳብ ወደ ሕፃናቱ ለመሳብ እንጂ ገንዘብ ለመሰብሰብ እንዳልነበረ መለሱ። በጭብጨባ ግን መድኃኒት አይገዛም።

በዚህ ጉዳይ ገንዘብ ምን ሊሠራ እንደሚችል የታወቀ ነው። በ1948 የቦስተኑ ሐኪም ሲድኒ ፋርበር አሚኖፕተሪን የተባለውን መድኃኒት የደም ነቀርሳ ላለባቸው 16 ሕፃናት ቢሰጡ፥ ለ10ሩ ሕመሙ ለጊዜው ቀለለላቸው። ከዚያ ወዲህ ምርምሩ ሳይቋረጥ በመቀጠሉ፥ ዛሬ በባለጸጎች አገር ነቀርሳ ከሚይዛቸው ሕፃናት ከመቶ ከ80 የሚበልጡት ይድናሉ፤ በድኾች አገር ግን የሚድኑት ብዙ ጊዜ ከመቶ 30 አይሞሉም። በነዚህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለውን ገደል የሚሞላው ምርምርና መድኃኒት ነው፤ ሁለቱም ያለ ገንዘብ አይገኙም።

ስለዚህ ባለ ሥልጣኖች ሥዕላቸውን ለሕሙማን ሕፃናት ቢሰጡ እናመሰግናቸዋለን፤ እጃቸው ያልሠለጠነ ቢሆንም አንከለክላቸውም። የምንለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥዕሉ በአደባባይ እንደ ተሰቀለ፥ የገንዘቡም ሒሳብ እንዲሁ በአደባባይ ይሰቀል። ያን ጊዜ ሥዕሉን ብንነቅፍ እንኳ ስጦታውን ሁላችንም በአንድ ቃል እናከብራለን።