ተረትና የሕፃናት ሁካታ

ሕፃናትን በተረት ስለ ማሳደግ ሲነሣ፥ ልጆች ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» ይሏቸው የነበሩትን ተስፋዬ ሣህሉን ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም። በ1957 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነገሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ድምፃቸው የአያት ድምፅ፥ ፊታቸውም ራሱ መድረክ ነበረ።

ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት ይታየናል፤ እርሱም የሰውዬው ሳይሆን የመሣሪያው ነው። በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ በምትታወቀው በቆቃ አንዲት አያት ማታ ሲተርቱ ሰምተናል። «ተረት ተረት» ቢሉ፥ የልጅ ልጆቻቸው «የላም በረት» ብለው ጮኹ። አንዱ ጅቡ ለምን ራበው ብሎ አቋረጠ፤ ሁለተኛዋ ሽሮውን ከምንጣፉ ላይ ደፋች፤ በአንቀልባ ያለውም አለቀሰ። አያቲቱ በአንድ እጃቸው ምንጣፉን እየጠረጉ፥ ሕፃኑን እሹሩሩ እያሉ፥ ለተራበው ጅብ የፈሰሰውን ሽሮ አበሉት! ለቅሶው ሁሉ ሳቅ ሆነ።

በቴሌቪዥን ግን ጅቡ አስቀድሞ የተወሰነለትን ብቻ ይሠራል። ልጆች ለአባባ ተስፋዬ ሰላምታ ከየቤታቸው መልስ ይሰጡ ነበረ፤ ጥያቄያቸው ግን ከመስተዋቱ አያልፍም። ተረት ሰብስበው የሚያሳትሙልን ሰዎችም የልጆቹን ጥያቄ ትተው ምክሩን ብቻ ባይጽፉ፥ ሽሮ የበላውን ጅብ የመሰሉ ስንት ተረቶች በተረፉልን ነበረ።