ስለ ሦስት የስላቅ ሥዕሎችና ስለ አንዲት የራሳችን



ባለፈው ወር በማንያታ የንባብ ዳሳችን ውስጥ ሦስት የቆዩ የስላቅ ሥዕሎች ለእይታ ቀርበው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሰብሳቢው ከመካከላችን አንዱ ነው። አሮጌ የፌዝ ሥዕሎችን ማሰባሰብ ከጀመረ ቆይቷል፤ ዋናዎቹን ለመግዛት አቅም ስለሌለው ግን ሞያሌ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት እያስባዛ፣ በካርቶን ላይ እየለጠፈ ያስቀምጣቸዋል። ለትጋቱ ምስጋና ይገባዋል። ይሁንና ምስጋና ሂስን አይተካምና የታየኝን ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ሥዕል የዳግማዊ ምኒልክ ነው። ያወጣው ቫኒቲ ፌር የተባለው የሎንዶን ሳምንታዊ መጽሔት ሲሆን ጊዜው ሐምሌ 1889 ዓ.ም. ነው። መጽሔቱ በየሳምንቱ የአንድ ታዋቂ ሰው ሥዕል በቀለም ያትም ነበር፤ ሚኒስትሩም፣ ዳኛውም፣ ጄኔራሉም ተራ በተራ ወጥተውበታል። ገጹ ተገንጥሎ በመስተዋት ስለሚሰቀል ዛሬም የአሮጌ ሥዕል ነጋዴዎች ይገበያዩበታል። ምኒልክ እዚያ ገጽ ላይ የወጡት ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የእንግሊዝ መልእክተኛ ሮድ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ውል ተፈራርሟል። ስለዚህ ሥዕሉ የሚያሾፈው በአንድ በሚታወቅ፣ ስምና ሠራዊት ባለው፣ ውል በሚፈረምለት ሰው ላይ ነው። እንዲህ ያለው ፌዝ ውስጥ ሳይወድ በግድ የገባ አክብሮት አለ።

ሁለተኛው ፖስት ካርድ ነው። የሣለው ኤንሪኮ ዴ ሴታ የተባለ ኢጣሊያዊ ሲሆን በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ ለፋሽስት ወታደሮች ከታተሙት ተከታታይ ካርዶች አንዱ ነው። አንድ የኢጣሊያ ወታደር የፍሊት መርጫ ይዞ በኢትዮጵያውያን ጦረኞች ላይ ሲረጭ ይታያል። ሰዎቹ እንደ ትንኝ ተቆጥረዋል፤ ስም የላቸውም። አሣሣሉ የሕፃናት መጽሐፍ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ሳየው ሣቅ አምልጦኛል።

ከኋላዬ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ግን አልሣቁም። «ልጄ፣ አባቴ ከዘመቻ ሲመለስ የጀርባው ቆዳ ተገሽልጦ ነበር። ይኼ ያስቃል?» ብለውኝ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ምሽት ካርዱ ይቃጠል የሚል ሐሳብ ከአባሎቻችን ቀረበ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

በእኔ አስተያየት ካርዱ መቃጠል የለበትም። ምክንያቴ የሚከተለው ነው። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የመርዝ ጋዝ ጥለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ይህንኑ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ተናግረዋል። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ግን ጋዙ በጥቅም ላይ መዋሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ መሆኑ ነው። እንግዲህ መንግሥት ስድሳ ዓመት የሸሸገውን ነገር፣ አንድ የፌዝ ካርድ በዚያው በወረራው ዘመን በአደባባይ እየሣቀ ይዞት ዞሯል። ፌዘኛ ሰው አይጠነቀቅም፤ ሊያሾፍ ሲል ይናዘዛል። ይህን ኑዛዜ ያቃጠለ ሰው የአባቱን ምስክር አቃጠለ ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ያው ሠራዊት በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ይህችን ሞያሌን ከቦ ከእንግሊዞች ነጥቋት ነበር። ከእርሱ ሸሽተው ኬንያ የገቡ ኢትዮጵያውያንም መጀመሪያ በኢሲዮሎ፣ በኋላም በታቬታ ካምፕ ሠፍረው ነበር። በካርዱ ላይ እንደ ትንኝ የተሣሉት ሰዎች ከእኛ በፊት በዚህ አገር የስደት ቆሎ ቆርጥመዋል።

ሆኖም ሰብሳቢያችን ያጠፋው ጥፋት አለ። ካርቶኑ ላይ እንዲያምርለት ብሎ የሥዕሎቹን ግርጌ ቆርጦ ጥሏል። ማን ሣለው? ለማን ታተመ? መቼ? ከጀርባው ምን ተጽፎበታል? ይህ ሁሉ ከሌለ የተሰቀለው ስድቡ ብቻ ነው፤ ያየው ሰው ወይ እንደ እኔ ይሥቃል፣ ወይ እንደ ሽማግሌው ቆስሎ ይሄዳል። የስላቅ ሥዕል ሰብሳቢ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሣቁ ከየት ተነሥቶ ወደ ማን እንደተወረወረ ጭምር መሰብሰብ አለበት።

ሦስተኛው ሥዕል የዴቪድ ሎው ነው። ሎው ኒው ዚላንድ ተወልዶ ሎንዶን በኢቪኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጣ ይሥል የነበረ ሰው ነው። በዚያው በወረራው ዘመን ብዕሩን በሙሶሊኒና የጄኔቭን ማኅበር ባልባሌ ቦታ በጣሉት ኃያላን ላይ አዙሯል። የዐድዋን ጦርነት የሣሉ የአገራችን ባህላዊ ሠዓሊዎችም የራሳቸው ስልት ነበራቸው፤ ወገንን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ጠላትን በጎን በአንድ ዓይን ይሥሉ ነበር። ይህም ስላቅ ነው፤ ግን የተወረወረው መድፍ ይዞ በመጣ ወራሪ ላይ ነው። ሎውና እነርሱ ባይተዋወቁም መንገዳቸው አንድ ነው፦ ጉልበት ያለውን ማሾፍ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ባለፈው እትማችን በሦስተኛው ገጽ ላይ የወጣችውን ሥዕል ሁላችሁም አይታችኋል። በውኃ ወረፋ ላይ ጀሪካን ታቅፋ፣ አፏ ከፊቷ ገዝፎ የምትጮህ ሴት ናት። ስም የላትም፤ ሻሿና አለባበሷ ግን ከየትኞቹ ጎረቤቶቻችን እንደሆነች ይናገራል። እትሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሁሉም ሣቀ። ከሥሯ ያለውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ከዳሱ ከወጡ በኋላ ያችን ገጽ አውጥቼ ከካርዱ ጎን አኖርኳት። የእኛዋ ሥዕል የማንንም ደም አላፈሰሰችም፤ እኩል ናቸው አልልም። ስልቱ ግን አንድ ነው፦ ሰውየውን ስም መንሳት፣ ከዚያ ወገኑን በሙሉ በአንድ አፍ መሣል። ውኃው ለምን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደሚመጣ የሚያውቀውን፣ ቁልፉን የያዘውን ሰው አልሣልነውም፤ ፈርተነዋል። ሴትዮዋን የሣልናት በቋንቋችን መልስ ልትጽፍብን ስለማትችል ነው። ይህን ድፍረት ብለን አሳትመነዋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሦስቱ ሥዕሎች እንደገና ይሰቀሉ፤ በየሥራቸው የሠዓሊው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና በዚያን ጊዜ የሆነው ነገር በጉልህ ይጻፍ። ሽማግሌውንም ሄጄ የምጠራቸው እኔ ነኝ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ የአባታቸውን ታሪክ በራሳቸው ቃል እንጽፍና ከካርዱ አጠገብ እናኖረዋለን።

ሁለተኛ፣ የባለፈው እትማችን ሦስተኛ ገጽ ተቀዶ እንዳይጣል። ሰብሳቢያችን በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ያስቀምጠው፤ ግርጌውንም እንዳይቆርጠው። ስሜ እዚያ ላይ ነው።