ጨረርን አንድ በአንድ መቁጠር

በሲቲ ስካን ሙያ ለረጅም ዘመን ያገለገለው የጨረር መቀበያ ወይም ዲቴክተር የኤክስሬይን ጉልበት በቀጥታ አይለካም፤ የታካሚውን አካል አልፎ የመጣው ጨረር መጀመሪያ እንደ ጋዶሊኒየም ኦክሲሰልፋይድ ያለ፣ ጨረር ሲነካው የሚያበራ ሴራሚክ ላይ ያርፋል፣ ብርሃኑም ከሥሩ በተቀመጠው ፎቶዳዮድ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። የሚመዘገበው የደረሰው ጉልበት ጠቅላላ ድምር በመሆኑ ነገሩ እህልን በቁና እንደ መስፈር ነው፤ ስንት ፍሬ እንደ ገባና የትኛው እንደሚከብድ አይታወቅም። ከዚህም በላይ ከፍተኛ ጉልበት ያለው ፎቶን፣ ማለትም የጨረሩ ቅንጣት፣ ብዙ ብርሃን ስለሚሰጥ በድምሩ ውስጥ ድርሻው ይገዝፋል፤ ለስላሳ አካላትን ይበልጥ ለይቶ የሚያሳየው ግን ዝቅተኛ ጉልበት ያለው ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው የሲመንስ ናኦቶም አልፋ ይዞት የመጣው ፎቶን ቆጣሪ ዲቴክተር ይህን የብርሃን ደረጃ አስቀርቷል። በካድሚየም ቴሉራይድ ክሪስታል ውስጥ 60 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው አንድ ፎቶን ሲያርፍ 13,500 ያህል ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያላቅቃል፤ በክሪስታሉ ላይ የተጫነው ከፍተኛ ቮልቴጅ እነዚህን ስቦ ወደ ጥቃቅን ኤሌክትሮዶች ሲያደርሳቸው፣ ቁመቱ ከፎቶኑ ጉልበት ጋር የሚመጣጠን የኤሌክትሪክ ምት ይፈጠራል። ምቱ አስቀድሞ ከተወሰነ ወለል፣ ለምሳሌ ከ25 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ካለፈ ይቆጠራል፤ የመሣሪያው የራሱ የኤሌክትሪክ ረብሻ ግን ከወለሉ በታች ስለሚቀር ከቆጠራው አይገባም። ብርሃን ከክፍል ወደ ክፍል እንዳይሻገር ይሠሩ የነበሩት ግድግዳዎችም አላስፈላጊ ሆነዋል፤ በታካሚው አካል ካለፈ በኋላ በግድግዳ ላይ ይባክን የነበረው ጨረር አሁን ለምስሉ ይውላል፤ ይህ ብቻውን ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ፈተናው የሚገለጠው ፎቶኑ በሁለት ፒክስሎች ወሰን ላይ ሲያርፍ ነው። ያው ባለ 60 ፎቶን እኩል ቢከፈል ቆጣሪው ባለ 30 የሆኑ ሁለት ፎቶኖችን ይመዘግባል፤ 40 እና 20 ሆኖ ቢከፈል ደግሞ ሃያው ከወለሉ በታች ይወድቅና አንድ ባለ 40 ብቻ ይቀራል። የደም ሥርን ለማሳየት የሚሰጠው አዮዲን ጨረር የመምጠጥ ኃይሉ 33.2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ በድንገት ስለሚያሻቅብ፣ ከዚህ ነጥብ በላይ መቆጠር የነበረበት ፎቶን ከታች ሲቆጠር አዮዲኑን ከሌላው የሚለየው ምልክት ይደበዝዛል። በሰርን ዙሪያ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች የሠሩት ሜዲፒክስ 3 የተባለው ቺፕ ጎረቤታሞቹ ፒክስሎች የተካፈሉትን ደምሮ ትልቁን ድርሻ ለያዘው ይሰጣል፤ መደመሩ ግን ቆጠራውን ያዘገየዋል። እንግዲህ ፒክስል ባነሰ ቁጥር ምስሉ ይጠራል የሚለው አነጋገር፣ የወሰኑ ብዛት አብሮ እስካልታሰበ ድረስ፣ ግማሽ እውነት ነው።

ፍጥነቱም ቀላል ነገር አይደለም። ጨረሩ አየርን ብቻ በሚያቋርጥበት በአካል ዳር በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ በሴኮንድ ከ100 ሚሊዮን በላይ ፎቶኖች ሊያርፉ ይችላሉ፤ እጅግ ተቀራርበው የደረሱ ሁለት ባለ 50 ፎቶኖችም እንደ አንድ ባለ 100 ይቆጠራሉ። ይህን ጎርፍ የሚገታው መሐሉ ቀጭን፣ ዳርና ዳሩ ወፍራም የሆነው ማጣሪያ ሲሆን፣ ታካሚው ከመሐል ዞር ብሎ ከተኛ የአካሉ ስስ ጠርዝ ከማጣሪያው ቀጭን ክፍል ጋር ይገጥምና ጎርፉ በዚያ በኩል ይበረታል። ስለዚህ ታካሚውን በትክክል መሐል ላይ ማስተኛት፣ ብዙዎች እንደ ተራ ሥራ የሚያዩት የራጅ ባለሙያው ጥንቃቄ፣ በቆጣሪው ዲቴክተር ዘመን የጉልበት ልኬቱ አካል ሆኗል።