ስለ መክሊት ምሳሌ ትርጓሜ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያንም ገንዘብ አጠባበቅ

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ከ14ኛው ቍጥር ጀምሮ ያስተማረው የመክሊት ምሳሌ በየጉባኤው ሲነገር ይኖራል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የተነገረ ቃል ሁሉ በሚገባ ተመርምሯል ማለት አይደለም። በዚህ ምሳሌ ላይ ሁለት ወገን ተነሥቷል። አንደኛው ወገን መክሊት ማለት ትምህርት ብቻ ነውና ምሳሌው ለካህናት እንጂ ለሌላው አይደለም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መክሊት ገንዘብ ነውና ለቤተ ክርስቲያን የሰጠ ሰው በዚሁ ዓለም እጥፍ አድርጎ ይቀበላል ይላል። ሁለቱንም በመጽሐፍ ሚዛን መመዘን ይገባል። ስሕተቱ በቃል ብቻ ቢቀር ጕዳቱ ባነሰ ነበር፤ ዳሩ ግን የድኻ እንጀራ የተያያዘው ከዚሁ ነው።

የፊተኛው ወገን ነገር መሠረት አለው። መምህራን መክሊትን ለትምህርትና ለጸጋ መስጠታቸው እውነት ነው። «ብቻ» የሚለውን ቃል ግን ከሊቃውንት አላገኘውም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል በተረጐመበት ድርሳን በ78ኛው ክፍል መክሊትን ለእያንዳንዱ ሰው ችሎታ ሰጥቶ ይተረጕመዋል፤ ይኸውም የተጠቃውን በማስጣል ቢሆን፣ በገንዘብ ቢሆን፣ በትምህርትም ቢሆን ነው። እንግዲህ ሹሙ «መምህር አይደለሁም»፣ ባለጸጋው «ካህን አይደለሁም»፣ ካህኑም «ገንዘብ የለኝም» ቢል፣ ከሦስቱ አንዱም ከሒሳቡ ቀን አያመልጥም።

ደግሞ ባለ አንዱን መክሊት «ጥቂት ስለ ተሰጠው ነው» እያሉ የሚያዝኑለት አሉ። ይህ የመክሊትን ልክ ካለማወቅ የመጣ ነው። አንዱ መክሊት 60 ምናን፣ ምናኑም 100 ድራህም ነውና፣ መክሊቱ 6,000 ድራህም ይሆናል። ድራህም ከዲናር ጋር የተካከለ ነው፤ ዲናርም በማቴዎስ ወንጌል በ20ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ የአንድ ቀን ሠራተኛ ዋጋ ነው። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው ያን አንዱን መክሊት ለማግኘት 20 ዓመት ይደክማል ማለት ነው። ስለዚህ ያ አገልጋይ የቀበረው ጥቂት ነገር አይደለም። ደግሞ ባለ አምስቱና ባለ ሁለቱ የተመሰገኑበት ቃል በ21ኛውና በ23ኛው ቍጥር አንድ ነው። ጌታው የፈለገው የትርፉን ብዛት ቢሆን ኖሮ ምስጋናው በተለየ ነበር። የፈለገው ግን ታማኝነትን ነው።

የሁለተኛው ወገን ስሕተት ከፊተኛው ይብሳል። አገልጋዮቹ የነገዱት በጌታቸው ገንዘብ ነው፤ ትርፉንም ወደ ጌታቸው አመጡት እንጂ ለራሳቸው አልነገዱም። ምጽዋትን በዚህ ዓለም እጥፍ የሚያስገኝ ንግድ ያደረገ ሰው ምሳሌውን ገልብጦታል፤ አገልጋዩን በጌታው ስፍራ አስቀምጦታልና። ትርፉ ምን እንደ ሆነ የሚሻም ምዕራፉን እስከ ፍጻሜው ያንብብ። ጌታችን ከመክሊት ምሳሌ አያይዞ ከ31ኛው ቍጥር ጀምሮ የፍርድን ቀን ይናገራል። በዚያ የሚጠየቀው የተራበውን ማብላት፣ የታረዘውን ማልበስ፣ የታመመውንና የታሰረውን መጠየቅ ነው። የመክሊቱ ትርፍ ይህ ነው።

ሁለቱም ወገኖች የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ሦስተኛው አገልጋይ ሌባ አልነበረም፤ የተቀበለውን ሳያጐድል መለሰ። የተፈረደበት ሥራ ሳያሠራበት ስላኖረው ነው። እንግዲህ በሙዳየ ምጽዋት ገብቶ፣ ነዳያን በደጀ ሰላም ሲራቡ ተቈልፎ የሚኖር ገንዘብ ባይሰረቅም እንደ ተቀበረ ይቈጠራል። የሚሰርቀውማ መጋቢ ዋጋው የይሁዳ ነው፤ እርሱም ከረጢት ያዥ እንደ ነበረ በዮሐንስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ ተጽፏል።

ሐዋርያት ይህን ያውቁ ነበር። በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ ስለ መበለቶች ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ ሰባቱን ሾሙ እንጂ ያጕረመረመውን አልገሠጹም። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ሲልክ፣ ነቀፋ እንዳይገኝ ከቲቶ ጋር ሌሎች ወንድሞች ጨምሮ ላከ፤ ይህም በ2ኛ ቆሮንቶስ በ8ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ሐዋርያው ለሰው ሒሳብ ማሳየትን ካላፈረበት፣ ከእርሱ በታች ያለ ማን ሊያፍርበት ይገባል?

አፈ ወርቅ በ66ኛው ክፍል የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ገቢ ከአንድ መካከለኛ ባለጸጋ ገቢ እንደማይበልጥ፣ በዚያም ገቢ ብቻ 3,000 መበለቶችንና ደናግልን፣ ከእነርሱም ሌላ እስረኞችንና ድውያንን እንደምትረዳ ይቈጥራል። በዚሁ ድርሳን በሌላ ስፍራ ደግሞ ምእመናን መስጠትን ስለ ተዉ ቤተ ክርስቲያን ርስትና ቤት ለመያዝ እንደ ተገደደች፣ ካህናትም ጸሎትን ትተው እህልና ወይን ሲሰፍሩ እንደሚውሉ ያዝናል። ወቀሳው በሁለቱም ላይ ነው፤ በማይሰጠውም፣ በሚሰፍረውም።

ይህ ነገር የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያንም ይነካል። በጉልትና በሰሞን መሬት ብዙ ዘመን ከኖረች በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ ያ ገቢዋ ቆመ። አስቀድሞ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዐዋዲ የሰበካ ጉባኤ ሥርዓት ተሠርቶላት ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ የጧፉና የዕጣኑ፣ የካህኑም የዕለት ምግብ በምእመናን እጅ ላይ ወደቀ። የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም የደብር ምሰሶ ሆነች ማለት ነው። ምሰሶዋን የሚጠብቅ ምን ያህል ይጠንቀቅ!

ስለዚህ የምሳሌው ፍርድ እንዲህ ነው። ትምህርት ያለው ያስተምር፤ ሥልጣን ያለው የተጠቃውን ያስጥል፤ ገንዘብ ያለው ይስጥ፤ የተሰጠውን የተቀበለም በሰውና በእግዚአብሔር ፊት ይቍጠር። የሚሰጥ ሲገኝ የሚቈጥር ከታጣ ሰጪው ይሰናከላል፤ የሚቈጥር ሲገኝ የሚሰጥ ከታጣ ድኻው ይራባል። ጌታው ግን በሁለቱም ዘንድ ገንዘቡን ይሻል፤ የሚመለስበትም ቀን አይታወቅም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።