ሲዋኩ ከኪስ፣ ሽታው ከአፍ

ባለፈው ጁሙዐ ነው። ኢቃማ ተደርጎ ሶፍ ስንይዝ ከጎኔ የቆመ ወንድም ከደረት ኪሱ ሲዋክ አወጣ። የፊት ጥርሶቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ፈተግ ፈተግ አድርጎ እንጨቱን ሳያጥብ ወደ ኪሱ መለሰው። የረጠበ ጣቱን ደግሞ ምንጣፉ ላይ ጠረገው። ተክቢራ ተደረገ፤ ሶላት ገባን። ኢማሙ እስኪያሰላምቱ ድረስ ግን የሲጋራው ሽታ አልለቀቀኝም።

ይህን የምጽፈው ያንን ወንድም ለማማት አይደለም፤ ስሙንም አላውቀው። ቤቴ ገብቼ ኮቴን ስሰቅል ከራሴ ኪስ ውስጥ ከረመዳን ጀምሮ የተቀመጠ፣ ጫፉ የጠቆረና ብናኝ የለበሰ ሲዋክ አገኘሁ። ስለዚህ ትችቱ ከእኔው ይጀምር።

ውድ አንባቢ፣ ሲዋክ በዲናችን ቀላል ቦታ የተሰጠው ነገር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በኡመታቸው ላይ ማክበድ ባይሆንባቸው ኖሮ በየሶላቱ ሲዋክ እንዲጠቀሙ ያዟቸው እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ነሳኢይ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ሲዋክ አፍን የሚያጠራ፣ ጌታን የሚያስደስት መሆኑ ተነግሯል። ልብ እንበል፤ የአፍ መጥራትና የጌታ ውዴታ በአንድ ላይ ነው የተጠቀሱት። እኛ ግን ለያየናቸው። ውዴታውን ከእንጨቱ ጠበቅን፣ መጥራቱን ረሳን።

የመጀመሪያው ጥፋታችን ይኸው ነው። በየቤቱ የምንሰማውን ክርክር እንይ። አንዱ አባት ልጁ የጥርስ ብሩሽ ሲይዝ «ይህ የሱንና አይደለም» ብሎ ይቆጣዋል። ሌላው ደግሞ ልጁ እንጨት ሲይዝ «ይህ ሳሙናና ብሩሽ ሳይኖር በፊት የነበረ ነው» ብሎ ያሾፍበታል። ሁለቱም ዑለሞቻችንን አልጠየቁም። ኢማም ነወዊይን የመሳሰሉ የሻፊዒይ ሊቃውንት የአፍን መለወጥ የሚያስወግድ ሻካራ ነገር ሁሉ ሲዋክ የማድረግን ዓላማ እንደሚያሟላ ጽፈዋል። ከእንጨት ሁሉ አራክን ማስበለጣቸውም የታወቀ ነው። በአገራችን አራክ በቆላው፣ እንደ አፋርና ሶማሌ ባሉ አካባቢዎች ይበቅላል። ደገኛው ደግሞ ወይራውንና ክትክታውን እየቆረጠ ሲፋቅ ኖሯል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ልጆች በእስር በእስር ይዘው የሚሸጡት መፋቂያ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም የታወቀ ነው። የእኛን የሚለየው ኒያው ነው፤ ነቢዩን መከተል። ኒያው ግን ያደፈውን አፍ ሳያጠራ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ አይሠራም።

ሁለተኛው ጥፋታችን ማጋነን ነው። በመስጊድ በር ከሚሸጡት ሲዋኮች ጋር አንዳንዴ ወረቀት ይታደላል። በሲዋክ የተሰገደ ሶላት ያለ ሲዋክ ከተሰገደው በሰባ እጥፍ ይበልጣል ይላል። ቀጥሎም ሲዋክ የማያድነው በሽታ እንደሌለ ይዘረዝራል። የሰባውን ዘገባ ኢማም በይሀቂይና ኢማም ነወዊይ ደካማ ብለውታል። ኢብኑ ኹዘይማም ቢሆኑ ሲዘግቡት ትክክለኛነቱን ተጠራጥረው ነው። በቡኻሪና በሙስሊም የተረጋገጠ ሐዲስ በእጃችን እያለ ደካማውን ፈልገን የምናባዛው ለምንድን ነው? በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስም የሚነገር ነገር ለዕቃ ማሻሻጫ አይሆንም። ነገ ልጃችን አድጎ ያ ወረቀት ደካማ መሆኑን ሲያነብ፣ ትክክለኛውንም አብሮ እንዳይጠራጠር ያሰጋል።

የሕክምናውም ነገር እንዲሁ ነው። በአራክ እንጨት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ባክቴሪያን የሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮች እንዳሉበት አሳይተዋል። ይህ ደስ ይላል፤ አልሐምዱ ሊላህ። ሆኖም ከዚህ ተነስተን ለሆድም ለዓይንም መድኃኒት ነው ማለት ውሸት ነው። በደረቅ እንጨት በኃይል የሚፈትግ ሰው ድዱን ሊጎዳ እንደሚችልም መናገር አማና ነው። ሱንናው በእውነቱ ብቻ ይበቃል፤ ሐሰት ምርኩዝ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይከብደኛል። ሲዋክን የመስጊድ ነገር አድርገነዋል። ከሰው ፊት እናወጣዋለን፤ ቤት ስንገባ ከኮታችን ጋር እንሰቅለዋለን። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ሲገቡ በምን ይጀምሩ እንደነበር ተጠይቀው «በሲዋክ» የሚል መልስ መስጠታቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ሑዘይፋ (ረ.ዐ.) ደግሞ ሌሊት ሲነሱ አፋቸውን በሲዋክ ይፍቁ እንደነበር ነግረውናል። ሌሊት፣ ማንም በማያይበት ሰዓት! በመጨረሻዋ ሕመማቸውም፣ ራሳቸው በዓኢሻ ደረት ላይ ተደግፎ ሳለ፣ ዐብዱረሕማን ኢብኑ አቡበክር ሲዋክ ይዘው ገቡ። ነቢዩ ወደ እንጨቱ ሲመለከቱ ዓኢሻ ፍላጎታቸውን ተረዱ። ተቀብለው በጥርሳቸው አለስልሰው ሰጧቸው፤ እሳቸውም ተፋቁበት።

ወንድሜ፣ ነቢዩ ቤት ሲገቡ አፋቸውን ያጠሩት ለማን ነበር? የቤተሰቦቻቸው ሐቅ በዚህ ውስጥ አይታይህም? ከኛ መካከል ግን ቀኑን ሙሉ ሲጋራ ሲያጨስ ወይም ጫት ሲቅም ውሎ፣ በዚያው አፉ ልጁን አቅፎ የሚስም አለ። ሚስቱ ፊቷን ስታዞር «አላከበረችኝም» ብሎ ይቆጣል። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት የበላ ሰው ከመስጊድ እንዲርቅ የታዘዘው የሰው ልጆች በሚታወኩበት ነገር መላእክትም ስለሚታወኩ ነው። በምግብ ሽታ ይህ ከተባለ የትምባሆ ሽታ ምን ሊባል ነው? ለአንድ ሰዓት አብሮን ለሚቆም ሰጋጅ የምንጠነቀቅ ከሆነ፣ ዕድሜዋን ሙሉ አብራን የምትኖረውስ?

እርግጥ በሶላት ጊዜ ሲዋክ ማድረግ ሱንና ነው፤ ያንን ማንም እንዲተው አልልም። የምለው በሥርዓቱ ይሁን ነው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲዋካቸውን እንዲታጠብ ለዓኢሻ ይሰጡ ነበር። እኛም እንጠበው። ሲደርቅ ውኃ ውስጥ ነክረን እናለስልሰው፤ ጫፉ ሲያረጅ እንቁረጠው። ከውዱእ ጋር አብረን፣ ጥርሱንም ምላሱንም በዝግታ እንፈቀው። በጾም ጊዜ ከቀትር በኋላ መፋቅን የጠሉ የሻፊዒይ ሊቃውንት አሉ፤ ነወዊይ ግን በ«አልመጅሙዕ» አለመጠላቱን መርጠዋል። የጠሉትም ቢሆኑ ጠዋቱን አልከለከሉም። ስለዚህ ጾም ለቆሸሸ አፍ ምክንያት አይሆንም።

እኔ ያንን የጠቆረ እንጨት ጥዬዋለሁ። አዲሱን ከኮቴ ኪስ አውጥቼ ከውዱእ ማድረጊያው አጠገብ አኑሬዋለሁ። ትንሹ ልጄ ለምን እዚያ እንዳደረግኩት ጠየቀኝ። «ከመስጊድ በፊት ለናንተ ስለሚያስፈልገኝ ነው» አልኩት። እሱም የራሱን እንድገዛለት ጠይቆኛል።

አላህ (ሱ.ወ.) ውጫችንንም ውስጣችንንም ያጥራልን። አሚን።