የፋይል ማመቂያን ወደ አሮጌ የቤት ኮምፒዩተር ስለ ማዛወር፤ አጭር ሂስ

ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒዩተር በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ስሙ እንደሚያመለክተው ያለው ሜሞሪ 64 ኪሎባይት፣ ይኸውም 65,536 ባይት ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ 8 ቢት ነው፤ በሴኮንድ የሚመታውም አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ነው። የማባዛት ትእዛዝ የለውም፤ ቢቶችንም በአንድ ትእዛዝ ከአንድ ደረጃ በላይ ሊያንሸራትት አይችልም። ይህን መሣሪያ ዛሬም የሚወዱና የሚሠሩበት ሰዎች ስላሉ፣ ለኋለኞቹ ትላልቅ ኮምፒዩተሮች የተጻፉ ፕሮግራሞችን ወደ እርሱ ማዛወር የተለመደ ሥራ ሆኗል። ከነዚህም አንዱ ፋይልን የሚያምቅና የታመቀውን መልሶ የሚፈታ ፕሮግራም ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ለዚህ ሥራ ዘወትር የሚሰጠውን ምክር ነው።

ምክሩ፣ «ማሽኑ ደካማ ስለሆነ ቀላሉን ምረጥለት» የሚል ሲሆን በሁለት መልክ ይቀርባል። አንደኛው፣ ዴፍሌት የተባለውን የታወቀ ስልት ትቶ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን ቀላሉን ኤልዚ4 መያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ዴፍሌትን መተው ካልተቻለ በውስጡ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በተሰጠው ቋሚ የኮድ ሰንጠረዥ ብቻ መሥራት ነው። ሁለቱም ከማሽኑ አንጻር ሲታዩ እውነትነት አላቸው። በሚታመቀው ጽሑፍ በኩል ሲታዩ ግን ሚዛናቸው የሚለወጥ ይመስለናል።

ዴፍሌት በዚፕና በጂዚፕ ፋይሎች ውስጥ የሚሠራበት ስልት ነው። ያበጀው ፊል ካትስ ሲሆን፣ መግለጫው በ1996 እ.ኤ.አ. ታትሞ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ስልቱ ሁለት አሳቦችን ያጣምራል። የመጀመሪያው ዚቭና ሌምፔል በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፤ ይኸውም የተደጋገመውን ነገር ደግሞ በመጻፍ ፋንታ፣ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ሂድና ይህን ያህል ቅዳ» ብሎ ማመልከት ነው። በዴፍሌት ወደ ኋላ መሄድ የሚቻለው እስከ 32,768 ባይት ሲሆን፣ የሚቀዳው ከ3 እስከ 258 ባይት ነው። ሁለተኛው ዴቪድ ሃፍማን በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሲሆን፣ አዘውትሮ ለሚመጣው አጭር ኮድ፣ እምብዛም ለማይመጣው ረጅም ኮድ ይሰጣል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ዜድሊብ የተባለው የታወቀ የዴፍሌት ፕሮግራም ለማመቅ በተለመደው አሠራሩ 256 ኪሎባይት ያህል ሜሞሪ ይፈልጋል፤ ይህም የኮሞዶር 64 ጠቅላላ ሜሞሪ አራት እጥፍ ነው። ለመፍታት ግን 32 ኪሎባይትና ጥቂት ተጨማሪ ይበቃዋል። ኮሞዶሩ ሲበራ ለቤዚክ ነጻ የሚሆነው 38,911 ባይት ስለሆነ፣ ከዚህ 32,768 ሲቀነስ 6,143 ባይት ይተርፋል። ጠባብ ነው፤ ሆኖም ቤዚክን ከመንገድ በማስወገድ ሊሰፋ ይችላል። እንግዲህ መፍታት ይቻላል፤ ማመቅ ግን እንዳለ አይዛወርም፤ አንድ ነገር መቆረጥ አለበት።

በዴፍሌት ሕግ ፈቺው የመጣለትን ማንኛውንም ትክክለኛ ፋይል የመፍታት ግዴታ አለበት። አማቂው ግን ነጻ ነው፤ ድግግሞሽን በሩቅ ባይፈልግም፣ በ32 ኪሎባይት ፋንታ በ4 ኪሎባይት ብቻ ቢወሰንም፣ የሚያወጣው ፋይል ሕጋዊ ነው። ስለዚህ ከፈቺው ወገን ምንም ሊቆረጥ አይገባም፤ የሚቆረጠው ከአማቂው ነው። ክርክራችንም ከአማቂው የትኛው ይቆረጥ በሚለው ላይ ነው።

ለፈተና የራሳችንን ጽሑፍ እንውሰድ። ኮሞዶሩ ፊደላችንን ባያውቅም ማመቂያው የሚያየው ባይት ብቻ ስለሆነ ይህ አያግደውም። ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ለአማርኛ በምንጠቀምባቸው ፊደላት የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው፤ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ካሉት ስድስት ቁጥሮች አንዱ ነው፤ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191 ይደርሳል። ቋሚው ሰንጠረዥ ደግሞ ከ0 እስከ 143 ላሉት ባይቶች 8 ቢት፣ ከ144 እስከ 255 ላሉት 9 ቢት ይሰጣል። ስለዚህ የላቲኑ ፊደል በ8 ቢት እንደ ነበረ ሲቀር፣ 24 ቢት የነበረው የእኛ ፊደል ወደ 25 ወይም ወደ 26 ቢት ያድጋል። ማመቂያ የተባለው ማስፊያ ሆነ ማለት ነው! እርግጥ የተደጋገመ ቃል ሲገኝ ኪሳራው ይካካሳል፤ ዳሩ ግን ፍለጋውን ያሳጠረ አማቂ ድግግሞሽ የሚያገኘው ጥቂት ነው።

ለጽሑፉ ተብሎ የሚዘጋጀው ሰንጠረዥ ግን በየፊደሉ የሚመላለሰውን 225 በጥቂት ቢት ብቻ ያሳልፈዋል። ዋጋውም የሚፈራውን ያህል አይደለም። 286 እና 30 ምልክቶችን ለመቁጠር ለእያንዳንዱ 2 ባይት ቢመደብ 632 ባይት ይበቃል። ጽሑፉን በየክፍሉ ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል፤ በጣም አጭር ለሆነ ፋይልም ሰንጠረዡን አብሮ መጻፉ አያዋጣም። ከዚህ በቀር መቆረጥ ያለበት ረጅሙ ፍለጋ እንጂ ሰንጠረዡ አይደለም።

በኤልዚ4 ላይ ያለን ቅሬታም ከዚሁ የመጣ ነው። ኤልዚ4 ለባይት አጭር ኮድ አይሰጥም፤ የሚቀበለው ትንሹ ድግግሞሽ 4 ባይት ሲሆን፣ እርሱን ለማመልከት 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ብቻውን የተደገመ አንድ ፊደል ከቁጥር አይገባም፤ ከሚቀጥለው ፊደል የመጀመሪያ ባይት ጋር ተቆጥሮም ትርፉ 1 ባይት ነው። ፍጥነቱን አንክድም። ነገር ግን የኮሞዶር 1541 ዲስክ ማንበቢያ በሴኮንድ ጥቂት መቶ ባይት ብቻ ስለሚያስተላልፍ፣ ቢት በቢት በማንበብ የባከነው ጊዜ ከዲስኩ ባነሰው ንባብ በከፊል ይካሳል። ዲስኩ የሚይዘው 664 ብሎክ፣ በየብሎኩ 254 ባይት፣ በድምሩ 168,656 ባይት ነው፤ ባልታመቀ የአማርኛ ጽሑፍ ሲቆጠር 56 ሺህ ያህል ፊደል መሆኑ ነው።

አንድ ተቃዋሚ፣ «33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ስለሆኑ፣ እያንዳንዱን በ1 ባይት ብንጽፈው ገና ሳይታመቅ ሁለት ሦስተኛው ይቆጠባል» ሊለን ይችላል። አሳቡ ብልህ ነው። ሆኖም እነ ሏና ቧ ከ231ዱ ውጭ ናቸው፤ ለሥርዓተ ነጥብና ለቁጥር የሚቀረውም 25 ቦታ ነው። ከሁሉ በላይ፣ እንዲህ የተጻፈው ፋይል ቁልፉን ከያዘው ሰው በቀር ለሌላ አይነበብም። ፕሮግራሙን ያዛወርነው ግን በአንዱ ኮምፒዩተር የታመቀው በሌላው እንዲፈታ ነው።

በመጨረሻም፣ ቦታ ሲጠብ ለመቁረጥ ስለሚቃጣው ስለ 32 ቢቱ መቆጣጠሪያ ድምር አንድ ነገር እንበል። ለባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሰንጠረዡም 1,024 ባይት ይይዛል። ነገር ግን የእነዚህ ማሽኖች ዲስኮች አርጅተዋል፤ አንድ ባይት ቢበላሽ ለባለ ፋይሉ የሚናገርለት ይህ ድምር ነው። ስለዚህ የዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ፈቺው ሙሉ ይሁን፣ ድምሩም ይጠበቅ፣ ከአማቂው ፍለጋው ይጠር፣ ሰንጠረዡ ግን ይዘጋጅ የሚል ነው። ቀላሉን ምረጥ የሚለው ምክር የተመዘነው ፊደሉ 1 ባይት በሆነ ጽሑፍ ይመስላል፤ በእኛ ጽሑፍ ሲመዘን ግን ጎድሎ ተገኝቷል። ይህን የሚጠራጠር ቢኖር አንድ ገጽ አማርኛ በሁለቱም መንገድ አምቆ ይፍረድ።