የደረቀ ናሙና ምስክርነት

በቅርጽ ተጨምቆ የሚሠራ ፕላስቲክ ኤሌክትሪክን ለማገድ ያለው ብቃት ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአንድ ቍጥር ነው፤ ይኸውም በሚሊሜትር ስንት ኪሎቮልት እንደሚችል። እኛ ተማሪዎችም ይህንኑ ገልብጠን ሪፖርታችንን እንዘጋለን። ቍጥሩ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው።

አንደኛ፥ ስስ ናሙና ከወፍራሙ ይልቅ በሚሊሜትር ከፍ ያለ ቮልት ስለሚችል፥ ውፍረቱ ያልተገለጸ ውጤት ለማወዳደር አይጠቅምም።

ሁለተኛ፥ ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የፈጠረው ቤክላይት የእንጨት ዱቄት ሲቀላቀልበት እርጥበት ይስባል፤ ደርቆ የተመሰገነውም ሲረጥብ ይደክማል።

ሦስተኛ፥ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ውስጡን ሰንጥቆ አያልፍም። እርጥብ አቧራ በተኛበት ገጽ ላይ ጥቃቅን ብልጭታ ፕላስቲኩን እያከሰለ መንገድ ይጠርግለታል። ይህን ለመመርመር፥ በ4 ሚሊሜትር በተራራቁ ሁለት የፕላቲነም ዘንጎች መካከል አሞኒየም ክሎራይድ የሟሟበት ውሃ በየ30 ሴኮንዱ ይንጠባጠባል፤ ናሙናው 50 ጠብታ የቻለበት ከፍተኛው ቮልት ይመዘገባል። ቤክላይት ሙቀትን በመቻል ቢመሰገንም በዚህ ፈተና ደካማ ነው።

ማብሪያ ማጥፊያውን የሚነካው የሰው እጅ ነውና፥ ውፍረቱ፥ እርጥበቱና ገጹ ሳይመረመር «ደኅና ነው» ብሎ መፈረም አይገባም።